የሰከረ በጀት፦ ሶቪየት ኅብረት መጠጥ ልታስቆም የተነሳችበት ዘመን

ሁለት የሞስኮ ሰዎች ለቮድካ ወረፋ ይዘዋል። ሰልፉ ሰዓታት ቢቆጠሩም አይነቃነቅም። አንደኛው ትዕግሥቱ ያልቅና «በቃ! ሄጄ ጎርባቾቭን ገድዬው እመጣለሁ፤ ቦታዬን ያዝልኝ» ብሎ ይሄዳል። አመሻሽ ላይ ኩምሽሽ ብሎ ይመለሳል። ጓደኛው «እህሳ፣ ገደልከው?» ይለዋል። «ምን እገድለዋለሁ! የእዚያኛው ወረፋ ከዚህ ይብሳል።»

ቀልዱን የመጨረሻው የሶቪየት መሪ፣ ራሳቸው ሚካኤል ጎርባቾቭ፣ ያወሩት ነበር። እየሳቁ።

ከ1985ቱ የፀረ መጠጥ ዘመቻ በሰው አፍ የቀረው ይህ ነው። ወረፋው፣ ቀልዱ፣ የተነቀለው ወይን። ወሬው ሲነሳ «ያ እንኳ ከሽፏል» ተብሎ ይዘጋል። እኔም ለብዙ ጊዜ የማውቀው እንደዚያ ነበር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ግን ነገሩ እንደ ቀልዱ ቀላል አልሆነልኝም። ከሽፏል የተባለው ዘመቻ ስንቱን ሰው ከሞት እንዳተረፈ ሳይ፣ ያከሸፈውም ጠጪው ሳይሆን ሌላ መሆኑን ስረዳ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሦስት ሰው፣ አንድ ጠርሙስ

ከአንድ ጠርሙስ እንነሳ። በ1970ዎቹ ግማሽ ሊትር ቮድካ 3 ሩብል ከ62 ኮፔክ ነበር። ኪሱ ያልፈቀደለት ሰው ሱቁ በር ላይ ቆሞ ሁለት ሰው ይፈልጋል። መተዋወቅ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ሩብል ከምናምን ያዋጣል፣ ጠርሙሱ ይገዛል፣ ከዚያ ደረጃ ሥር ወይም መናፈሻ አግዳሚ ላይ ለሦስት ይጠጣል። ሩሲያኛው ራሱ ለዚህ ስም አለው፤ «ና ትሮይኽ» ይሉታል፣ ለሦስት እንደማለት ነው።

የጠርሙሱ ክዳን ደግሞ ስስ የብረት ቆብ ነው። ትንሽ ምላስ አለችው። ምላሷን ስትጎትት ቆቡ ይቀደዳል፣ አለቀ። መልሶ መክደን የለም። ስለዚህ የተከፈተ ጠርሙስ ሳያልቅ አይነሱም። ይህን ክዳን የሠራው ፋብሪካ የመንግሥት ነው። ቮድካውን ያወጣውም የመንግሥት ነው። የሸጠውም ሱቅ እንደዚያው። ሰክሮ በረዶ ላይ የወደቀውን የሚያነሳው ፖሊስም ያው መንግሥት ነው።

ፖሊስ የሚያሳድርበት ቤት «ቪትሬዝቪቴል» ይባል ነበር። ሰካራሙን ልብሱን አውልቀው፣ አጥበው፣ አልጋ ላይ ጥለውት ያድራል። ጠዋት የአዳር ሒሳብ ይጠየቃል። ደብዳቤም ለመሥሪያ ቤቱ ይሄድበታል። በሞስኮ ክረምት ውጭ ቢያድር በረዶ ስለሚገድለው ቤቱ ነፍስ ያተርፍ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ግን ቤቱ የተሠራው ለስካር ነው። ስለ ሱስ የሚያውቀው ነገር የለም። ለሱሰኛው የነበረው ሌላ ቦታ ነው፤ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ ሁለት ዓመት ተዘግቶበት ጉልበት እየሠራ «የሚታከምበት» ተቋም። እኔ እስር ቤት እለዋለሁ። ከዚያ የተረፈው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ሱስ ይዞኛል» ለማለት ይፈራል። ምክንያቱም ስሙ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ መንጃ ፈቃዱም ሥራውም አደጋ ላይ ይወድቃል። ማን ይናገራል እንግዲህ?

በ1984 በሩሲያ ሪፐብሊክ በመንግሥት ሱቅ የተሸጠው መጠጥ ብቻ በነፍስ ወከፍ 10.5 ሊትር ንጹህ አልኮል ይሆን ነበር። በየቤቱ የሚወጣው ሲጨመርበት ወደ 14 ሊትር ይደርሳል። ይህ በቮድካ ሲመነዘር 35 ሊትር ነው፤ 70 ጠርሙስ። ለእያንዳንዱ ሰው። ጡት የሚጠባው ሕፃንና አንዲት ጠብታ የማትቀምስ አያት ተቆጥረው ነው እንግዲህ። እነሱን ስታወጣ የአንድ ጎልማሳ ወንድ ድርሻ የት እንደሚደርስ መገመት ነው።

ውጤቱ በዕድሜ ላይ ይታያል። በ1984 ሩሲያ ውስጥ የተወለደ ወንድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው 61.7 ዓመት ነበር። ሴቷ 73 ገደማ። የጠፈር መንኮራኩር ባመጠቀ አገር፣ በነጻ ሕክምና አገር፣ ባል ከሚስቱ 11 ዓመት ቀድሞ ይቀበራል። ለኮሚኒስት ፓርቲው ማዕከላዊ ኮሚቴ «እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉ» የሚል ደብዳቤ ይጎርፍ ነበር። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው እናቶችና ሚስቶች ናቸው።

ጎርባቾቭ በትዝታቸው ካነሷቸው ነገሮች አንዱን ልጥቀስ። ነገሩን የነገሯቸው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ግሮሚኮ ናቸው። ግሮሚኮ ያኔ የአገሪቱ መሪ ከነበሩት ከብሬዥኔቭ ጋር ከአደን ቦታ በመኪና እየተመለሱ፣ መሪውን የያዙት ብሬዥኔቭ ናቸው፣ ሕዝቡ በመጠጥ እያለቀ መሆኑን ያነሱባቸዋል። ብሬዥኔቭ ዝም። ከደቂቃዎች በኋላ «አንድሬይ፣ ሩሲያዊ እኮ ያለ እሱ አይሆንለትም» አሉ። ጉዳዩ እዚያው መኪና ውስጥ ቀረ።

ግንቦት 1985

ጎርባቾቭ ሥልጣን የያዙት መጋቢት 1985 ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 7 ቀን፣ «ስካርንና የአልኮል ሱስን ለማስወገድ የሚወሰዱ እርምጃዎች» የሚል ውሳኔ ወጣ። ፔሬስትሮይካ የሚባለው የጎርባቾቭ የለውጥ ፖሊሲ ገና ስሙም በደንብ አልተሰማም ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራቸው ይሄ ነው።

ለእሳቸው ሩቅ ጉዳይ አልነበረም። የባለቤታቸው የራይሳ ወንድም ጸሐፊ ነበር፤ ተሰጥኦውን መጠጥ በላው። ከጀርባ የሚገፉት ደግሞ ሁለት የፓርቲ ባለሥልጣናት ነበሩ፦ ይጎር ሊጋቾቭና ሚካኤል ሶሎሜንትሴቭ። ሊጋቾቭ ሳይቤሪያ ቶምስክ ውስጥ ለዓመታት የፓርቲ ኃላፊ የነበሩ፣ መጠጥ በአፋቸው የማይዞር ሰው ነበሩ። መጠጥ የማይቀምስ ሰው ስለ መጠጥ ሕግ ሲያወጣ አንዳንዴ ነገሩ ይጠናበታል። የጠናም ይመስለኛል።

ሕጉ እንዲህ ይላል። የመሸጫ ሰዓት ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት አይሆንም። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም፤ ቀድሞ 18 ነበር። የመንግሥት የቮድካና የወይን ምርት በየዓመቱ ይቀንሳል። መጠጥ የሚሸጡ ሱቆች ይዘጋሉ። አደባባይ ላይ ሰክሮ የተገኘ ከ20 እስከ 30 ሩብል፣ ሥራ ቦታ የጠጣ ከ30 እስከ 50 ሩብል ይቀጣል። አብሮ የጠጣ አለቃ ደግሞ ከ50 እስከ 100። የወር ደሞዝ በአማካይ 190 ሩብል ገደማ ስለነበር ቅጣቱ ያማል። ይህቺ የአለቃው አንቀጽ ደስ ትለኛለች። የሕጉ አውጪዎች አገራቸውን የሚያውቁ መሆናቸውን የምታሳይ እሷ ናት።

ዋጋም ተጨመረ። በነሐሴ 1986 ርካሹ ግማሽ ሊትር 9 ሩብል ከ10 ኮፔክ ገባ። ያ የ3 ሩብል ከ62ቱ ጠርሙስ ማለት ነው።

የጎርባቾቭ ማዕረግ በሩሲያኛ «ጄኔራልኒ ሴክሬታር» ነበር፤ ዋና ጸሐፊ። ሕዝቡ የቃሉን መነሻ ቀየረና «ሚኔራልኒ ሴክሬታር» አላቸው። ወደ እኛ ስናመጣው «ጓድ አምቦ ውሃ» ብንላቸው ያስኬዳል።

ከዚያ ካድሬው ተነሳ። እዚህ ላይ የእኛ ዕድሜ ጠገብ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ከላይ «ቀንሱ» የተባለውን ታች ያለው «ዝጉ» ብሎ ይሰማዋል፤ ከጎረቤት አውራጃ ላለማነስ ደግሞ ቀድሞ ዘግቶ ሪፖርት ያደርጋል። ከፊልም ላይ የመጠጥ ትዕይንት ተቆረጠ። የሶቪየት ኤምባሲዎች ለእንግዶቻቸው ጭማቂ መቅዳት ጀመሩ። አንድ የጨዋነት ማኅበር ተቋቁሞ በአጭር ጊዜ ከ10 ሚሊዮን በላይ አባል «አፈራ»፤ ሰው መዋጮውን ከደሞዙ እየተቆረጠበት የማኅበር አባል መሆኑን የሚያውቀው በኋላ ነው። ማታ ማታ ቤታቸው ሲጠጡ የሚያመሹ አባላት ምን ያህል እንደነበሩ ማንም አልቆጠረም።

ወጣቶች «ያለ አልኮል ሰርግ» እንዲደግሱ ይበረታቱ ነበር። ጋዜጣ ፎቶ ያነሳል። ጠረጴዛው ላይ ሳሞቫር፣ ኬክ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ። ከአንዱ ማንቆርቆሪያ የሚቀዳው ሻይ ነው። ከሌላኛው የሚቀዳው ቀለሙ ሻይ የሚመስል ኮኛክ ነው። እንግዳው ስኒውን አንስቶ ለሙሽሮቹ መልካም ትዳር ይመኛል፤ እፍ ብሎ ያቀዘቅዝ ይመስላል፤ ከዚያ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል። የፓርቲው ተወካይ እዚያው ቁጭ ብሏል። እሱም ስኒ ይዟል።

አሁን የማይወራው ክፍል

እስቲ ሳቁን ለጊዜው እናቁመው።

በ1987 ሩሲያ ውስጥ ወንድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ 64.9 ዓመት ሆነ። ከ61.7 ተነስቶ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ጨመረ። በሰላም ጊዜ፣ አዲስ መድኃኒት ሳይገኝ፣ አዲስ ሆስፒታል ሳይከፈት እንዲህ ያለ ዝላይ ብዙ አይታይም። በአልኮል መመረዝ የሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ቀነሰ። የመኪና አደጋ፣ በስካር መገዳደል፣ ራስን ማጥፋት፣ ሥራ ቦታ ላይ የሚደርስ ጉዳት፣ ሁሉም ወረደ። ጉዳዩን ለብዙ ዓመት ያጠኑት ሩሲያዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሌክሳንድር ኔምትሶቭ በሩሲያ ብቻ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ከሞት ተርፏል ብለው ገምተዋል።

1 ሚሊዮን። የማይወደደው፣ የሚቀለድበት፣ ካድሬ ያበላሸው ዘመቻ ይህን አደረገ።

ለምን አልተወራም? አንዱ ምክንያት የሚመስለኝ ይህ ነው። ወረፋ የቆመ ሰው ወረፋ መቆሙን ያውቃል፤ እግሩ ያመዋል። በዚያ ሳምንት ሰክሮ ባቡር ሥር ባለመግባቱ የተረፈ ሰው ግን መትረፉን አያውቅም። ምንም አልሆነም፤ እና ምንም ያልሆነ ነገር ወሬ የለውም። ሚስቱም «ዛሬ አልመታኝም» ብላ ለጋዜጣ አትጽፍም።

በዚያ ላይ ቀልዱን የፈጠሩት፣ በኋላም መጽሐፉን የጻፉት የተማሩ የከተማ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ዘመቻው ኮኛክ የጠፋበት ጊዜ ነው። በ45 ዓመቱ ሊሞት የነበረው የፋብሪካ ሠራተኛ ትዝታውን አልጻፈም።

ማሰሮው ላይ የተሰካው ጓንት

ይሁን እንጂ ሌላም ቁጥር አለ። በ1987 ሩሲያ ውስጥ የመንግሥት ሱቅ የሸጠው በነፍስ ወከፍ 3.9 ሊትር ንጹህ አልኮል ነበር። ከ10.5 ወደ 3.9! ሪፖርት የሚጽፍ ካድሬ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ኔምትሶቭ ግን በእውነት የተጠጣው ከ10 ሊትር በላይ ነው ይላሉ። ከ14 ወደ 10 ተኩል ግድም ወረደ ማለት ነው። ከአራት አንድ እጅ ያህል ቀነሰ። በዚህች አንድ እጅ ነው ያ ሁሉ ሰው የተረፈው፤ ይህንንም እንያዝ። የቀረው የት ሄደ? ቤት ገባ።

የእኛ አገር ሰው ካቲካላ እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል። ድፍድፉ እሳት ላይ ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረው ዕቃ ላይ ሲደርስ ጠብ፣ ጠብ ይላል። የሩሲያው «ሳማጎን» እሱው ነው። ጌሾ የለውም፤ ገብስም አያስፈልገውም። ስኳር፣ እርሾ፣ ውሃ። ከአንድ ኪሎ ስኳር አንድ ሊትር ገደማ ይወጣል። ገጠር ያለው በወተት ጋን ይሠራዋል። ከተማ ያለው ፎቅ ላይ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ፣ በግፊት ድስትና በመዳብ ቱቦ።

ያን ጊዜ የመጣች አንዲት ብልሃት አለች። ሦስት ሊትር የሚይዝ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ፍራፍሬና ስኳር ይጨመራል። አፉ ላይ የሐኪም ጓንት ይገጠማል። ድፍድፉ ሲፈላ ጋዙ ጓንቱን ይነፋዋል። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ አምስት ጣት ተዘርግቶ ይቆማል፤ አንድ ሰው ከማሰሮው ውስጥ እጁን አውጥቶ ሰላም የሚል ይመስላል። ስሙን «ሰላምታ ለጎርባቾቭ» አሉት። ጓንቱ ሲተነፍስና ዘፍ ሲል ወይኑ ደርሷል ማለት ነው።

ስኳር ከሱቅ ጠፋ። መጀመሪያ ስኳር፣ ከዚያ ርካሽ ከረሜላና ማርማላታ፣ ከዚያ እርሾ። በ1988 በብዙ ከተማ ስኳር በኩፖን ሆነ። በዚያን ዘመን ከደርግ ተልከው ሞስኮ፣ ኪየቭ፣ ታሽከንት ይማሩ የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ለኩፖን እንግዳ አልነበሩም፤ አገር ቤት የቀበሌ ሱቅ ራሽን ለምደው ነው የሄዱት። የሚገርመው ታላቋ ሶሻሊስት አገር እዚያው ስትደርስ ማየቱ ነው።

ቤት ማውጣት ያልቻለው፣ በተለይ ሱሱ ሰውነቱ ውስጥ የገባው ሰው፣ ያገኘውን ጠጣ። ኮሎኝ ጠጣ። መስኮት ማጽጃ፣ ሙጫ፣ የፍሬን ዘይት ጠጣ። የጫማ ቀለም ዳቦ ላይ ይቀባና አልኮሉ ወደ ዳቦው እስኪሰርግ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀለሙን ፍቆ ዳቦውን ይበላል። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሰውየው ብልሃት አልነበረም። የትኛው የጤና ጣቢያ በር ተከፍቶለት ነበር? እላለሁ። ሱቁን የዘጋው መንግሥት ሕክምናውን አልከፈተም። ሱሰኞች ስማቸውን ሳይሰጡ ተሰባስበው የሚረዳዱበት የመጀመሪያው የሞስኮ ቡድን የተመሠረተው በ1987 ነው፤ ዘመቻው ሁለት ዓመት ከሄደ በኋላ። ያቋቋመውም ፓርቲው አልነበረም።

ማታ ቮድካ የፈለገ ታክሲ ያስቆማል። ሹፌሩ ከወንበሩ ሥር ያወጣል። በእጥፍ ዋጋ። የወረፋው አየር ደግሞ ሌላ ነው። ፖሊስ በር ላይ ቆሞ ነበር የሚያስገባው፤ ግፊያ ውስጥ የተጎዳም አልጠፋ። ከሥራ ሰዓቱ ሰርቆ ወረፋ የሚይዘው ሰው በረከተ። ስካር ከሥራ ቦታ ወጥቶ ወረፋ ገባበት።

ወይኑ

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ክፍል ነው። ሞልዶቫ፣ ጆርጂያ፣ ክራይሚያ፣ አርሜንያ የወይን አገሮች ናቸው። እዚያ ሰው ወይን የሚጠጣው ከምግብ ጋር ነው። ሰክሮ ሞቶ የሚገኘው በአብዛኛው ቮድካ የሚጠጣው የሰሜን ሰው ነው። ካድሬው ግን መለኪያውን አልለየም፤ አልኮል አልኮል ነው። ቡልዶዘር ገባ። ሰፋፊ የወይን እርሻ ተነቀለ።

ያልታ ውስጥ «ማጋራች» የሚባል ታዋቂ የወይን ምርምር ተቋም አለ። ያኔ ዳይሬክተሩ ፓቬል ጎሎድሪጋ ነበሩ፤ በሽታ የሚቋቋም አዲስ የወይን ዝርያ ሲያዳቅሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሳይንቲስት። የምርምር ማሳው ሳይቀር ሲነካ ለማስቆም ብዙ ደከሙ። የሰማቸው የለም። በ1986 ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

የተዘጋ ሱቅ በአንድ ሳምንት ይከፈታል። የወይን ግንድ ግን ተተክሎ ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ትልቅ ወይን ለመሆን ደግሞ ብዙ ተጨማሪ ዓመት። ውሳኔው ሲቀለበስ ሱቁ ተመለሰ፤ ወይኑ አልተመለሰም።

ማን ነው ሱሰኛው?

አሁን ወደ ጉዳዩ ልብ ደረስን። ዘመቻውን የገደለው ሳማጎን አይደለም፤ ቀልዱም አይደለም። የገንዘብ ሚኒስቴር ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት (ዛር) ዳግማዊ ኒኮላስ በ1914 ጦርነት ሲጀመር ቮድካ ከለከሉ። በዚያን ጊዜ ከዛሩ ገቢ ከሩብ በላይ የሚመጣው ከቮድካ ነበር። ጦርነት ላይ ያለ አገር ሩብ ገቢውን በአንድ ቀን ጣለ። ያን ዘመን ሰዎች ይህን ዓይነቱን አስተዳደር «የሰከረ በጀት» ብለው ይጠሩት ነበር። ዛሩን የተኩት ኮሚኒስቶች፣ ቦልሼቪኮቹም፣ መጀመሪያ ላይ እገዳውን ይዘው ቆዩ። በ1925 በስታሊን ዘመን 40 ዲግሪው ቮድካ በመንግሥት ሱቅ ተመለሰ፤ ፋብሪካ መገንቢያ ገንዘብ ያስፈልግ ነበራ።

60 ዓመት ቆይቶ ያው በሽታ ተነሳ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከሶቪየት መንግሥት ገቢ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከአልኮል ይገኝ ነበር። እና አልኮል ገቢ ብቻ አልነበረም። ሱቅ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ጥሩ ጫማ የለም፣ መኪና ዓመታት ያስጠብቃል። ሠራተኛው ደሞዙን ይዞ የሚገዛው ዕቃ ሲያጣ፣ ገንዘቡን ውጦ ወደ መንግሥት ካዝና የሚመልሰው ቮድካ ነበር። ደሞዝ የሚከፍለውም መንግሥት፣ ደሞዙን በጠርሙስ የሚቀበለውም መንግሥት። ያ ክብ ሲቆረጥ ገንዘቡ ሰው እጅ ላይ ቀረ። ሌላ ዕቃ ሁሉ ላይ ወረፋ ሆነ። ከፊሉ ደግሞ ለታክሲ ሹፌሩና ለአረቄ አውጪዋ ሄደ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኒኮላይ ሪዥኮቭ ቀድመው ያስጠነቀቁት ይህንን ነው። በ1986 ደግሞ የነዳጅ ዋጋ ከግማሽ በላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ቼርኖቢል ፈነዳ። አፍጋኒስታን ውስጥ ያለው ጦርነት ይበላል። ካዝናው ተራቆተ፤ ማተሚያው ሩብል ያትማል።

በ1988 መኸር ዘመቻው በይፋ ለዘብ አለ። ማንም «ተሸነፍን» አላለም። ወይን በምግብ ሱቅ መሸጥ ተፈቀደ፣ ሰዓቱ ላላ፣ ጠርሙሱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ጎርባቾቭ በኋላ ዘመን ሲጠየቁ ሐሳቡ ትክክል ነበር፣ ችኮላው ነው ያጠፋን ይሉ ነበር። እኔ ግን ችኮላ ብቻ አይመስለኝም። መጠጥ ያስቆመ መንግሥት የመጠጡን ገንዘብ በምን እንደሚተካ አስቀድሞ ማሰብ ነበረበት። ሱሰኛን «ነገ አቁም» ብሎ ዞር እንደማለት ነው፤ እዚህ ሱሰኛው ራሱ ካዝናው ነው።

ከዚያ በኋላ

ቀጣዩን ባጭሩ ልበለው፤ ረጅም ለቅሶ ነው። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ፈረሰች። በ1992 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ዬልትሲን የመንግሥትን የቮድካ ብቸኛ ይዞታ አነሱ። ማንም ያወጣል፣ ማንም ያስገባል፣ ኪዮስክ ሁሉ ሌሊቱን ሙሉ ይሸጣል። «ሮያል» የሚባል 96 ዲግሪ ስፒሪት በትልቅ ጠርሙስ ከውጭ ይገባ ነበር፤ በውሃ እየቀጠኑ መጠጣት ነው። የምግብ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ቮድካ ከሌላው ሁሉ ርካሽ ሆነ። ሥራ ተዘግቷል፣ ቁጠባ በዋጋ ንረት ቀልጧል።

በ1994 የሩሲያ ወንድ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቀው ዕድሜ ከ58 ዓመት በታች ወረደ። ከዘመቻው በፊት ከነበረው ራሱ አነሰ። በ1985 እና በ1988 መካከል ከሞት የተረፉት ጠጪዎች ብዙዎቹ በዚህ ጊዜ ነው ያለቁት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ሞት ቀጠሮ አራዘመ እንጂ አልሰረዘም ማለታቸው ነው። ሊሆን ይችላል። ግን አምስትና ስድስት ዓመት ለአንድ ቤት ትንሽ አይደለም። ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላው አባት ኖሮታል።

ሩሲያ ወደዚህ ነገር የተመለሰችው ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ቡልዶዘር የለም፣ ዘመቻም የለም። በየጠርሙሱ ላይ ቁጥጥር ተጠናከረ። ለቮድካ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚባል ዋጋ ወጣ። ሌሊት መሸጥ ተከለከለ፤ ማስታወቂያም እንደዚያው። እስከ 2011 ድረስ ቢራ በሕግ እንደ ምግብ ነበር የሚቆጠረው፤ ያን ዓመት አልኮል ተባለ። አሰልቺ፣ ቀስ ያለ፣ ጋዜጣ ላይ ፎቶ የማይወጣለት ሥራ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው ከ2003 እስከ 2016 ባለው ጊዜ የአልኮል ፍጆታ 43 በመቶ ቀነሰ። ለወንዶች የሚጠበቀው ዕድሜም በ2019 ከ68 ዓመት በጥቂቱ አለፈ።

ቀረጡ ቀስ እያለ ሲጨምር ካዝናውም አልተራቆተም፤ ጠጪው ቢቀንስም ከእያንዳንዱ ጠርሙስ የሚገባው ድርሻ ከፍ አለ። በ1985 ያልታሰበው ይህ ነበር።

የድሮው አመል ግን በአንድ ቀን አይለቅም። በመስከረም 2010 የገንዘብ ሚኒስትሩ አሌክሴይ ኩድሪን ስለ ሲጋራና ስለ መጠጥ ቀረጥ መጨመር ሲናገሩ፣ የሚጠጣና የሚያጨስ ሰው መንግሥትን ይበልጥ እየረዳ መሆኑን ሕዝቡ ሊረዳ ይገባል አሉ። አንድ ፓኮ ሲጋራ ያጨሰ ለማኅበራዊ አገልግሎት ያን ያህል አዋጥቷል ማለት ነው ብለውም አስረዱ። ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሰዉ ተከራከረ። እሳቸው ወደ በጀታቸው ተመለሱ።